ተረፋ ቆርጦ የጣለው አርባ ደቂቃ

ተረፋን ስለምንቀው ማንም አይፍረድብኝ። አሥራ አንድ ዓመት ጎን ለጎን ሠርተናል። እኔ ድርቤ ነኝ፤ ነቀምቴ ላይ፣ ከመናኸሪያው ወደ ገበያ በሚያወርደው መንገድ ዳር ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ። በእኔና በእሱ መካከል ያለው ግድግዳ አንድ ስስ የኮምፔርሳቶ ጣውላ ነው፤ ሲያዛጋ እንኳ ይሰማኛል። የእሱ ሥራ በዲቪዲ ያለ ቪዲዮ ወደ ፍላሽና ወደ ስልክ መገልበጥ ነው። በቃ፣ ይኸው ነው። እሱን ብትጠይቁት ግን ኢንጂነር ነው። በሩ ላይ "ኢንጂነር ተረፋ የዲጂታል ማዕከል" ብሎ አጽፏል። ኢንጂነርነቱን ማን እንደሰጠው አንድ ቀን ብጠይቀው "ሥራዬ" አለኝ። ሥራው አፍ ቢኖረው በከሰሰው ነበር።

የተወለደው ቢላ በምትባል ከተማ ነው። ነቀምቴ የመጣው አሥረኛ ክፍል ሊማር ነበር፤ ውሎው ግን ቪዲዮ ቤት ሆነ። በር ላይ ቆሞ የመግቢያ ገንዘቡን ይቀበል ነበር። ያን ጊዜም ጉራው አልቀረም፤ ፊልሙን እሱ የሠራው ይመስል ለሚገባው ሰው ሁሉ መጨረሻውን አስቀድሞ ይነግር ነበር። ሰው እየተናደደ ሲቀር ባለቤቱ አባረረው። ቀጥሎ ዲቪዲ ማከራየት ጀመረ። ሦስት ግድግዳ ሙሉ ዲቪዲ ደርድሮ መሃል ላይ ተቀምጦ ሲታይ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ይመስል ነበር። ከዚያ ፍላሽ የሚሰካበት ቴሌቪዥን መጣ። ሰው ፊልሙን ከስልክ ወደ ስልክ መላላክ ጀመረ፣ የተረፋ ሦስት ግድግዳ አቧራ ለበሰ። ሌላ ሰው ቢሆን ያን ጊዜ ትንሽ ዝቅ ይል ነበር። እሱ ግን ዕድለኛ ነው።

ዕድሉ ምን መሰላችሁ፤ የወለጋ ሰው ሰርጉን፣ ምርቃቱን፣ የለቅሶውን ቀን ሳይቀር በዲቪዲ አስቀርጾ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፎበታል። ማጫወቻው፣ እኛ ዴክ የምንለው፣ በየቤቱ ተበላሸ። ጠጋኝ የለው፣ አዲስ አይመጣ። እናም ሰው ሁሉ የገዛ ሰርጉን እጁ ላይ ይዞ ማየት አቃተው። ተረፋ አንድ ያገለገለ ኮምፒውተር ገዝቶ "አምጡ፣ በኪሳችሁ አስገባላችኋለሁ" አለ። ከሲሬ፣ ከአርጆ፣ ከጊምቢ ሳይቀር እየያዙ መጡ።

ሥራውን ላስረዳችሁ፤ ተአምር የለበትም። ዲቪዲውን ኮምፒውተሩ ውስጥ ይከታል። ኮምፒውተሩ እንደ አሮጌ ወፍጮ ያጓራል። ቪዲዮው ሲወጣ ትልቅ ነው፤ አንድ ሰርግ ብቻውን ፍላሹን ይሞላዋል። ስለዚህ ያጠበዋል፤ ኮንቨርት ማድረግ ይሉታል። በልኩ ሲጠብ ደህና ነው። ተረፋ ግን ልክ የሚባል ነገር አያውቅም። አሥር ሰርግ በአንዲት ሚሞሪ ካላጨቀ እንቅልፍ አይወስደውም። በመጨረሻ የሙሽራዋ ፊት ካሬ ካሬ እየሆነ የተጣፈ ድሪቶ ይመስላል፤ እናትየዋ እንኳ ልጇን የምትለያት በቀሚሷ ነው። ስትናገሩት "ይጠባል እንጂ አይጎድልም" ይላችኋል። ይህችን አባባል ከየት እንዳመጣት እንጃ፣ ግን ካርዱ ላይም አሳትሟታል።

አይጎድልም ይበል እንጂ ይቆርጣል። ሲያጠብ ቦታ እንዲተርፈው እሱ "አሰልቺ" የሚለውን እያወጣ ይጥላል። ሽማግሌ ሲመርቅ፣ ይቆረጣል። ፓስተር ቃል ኪዳን ሲያስገባ፣ ይቆረጣል። አባት ተነስቶ ሲናገር፣ ይቆረጣል። "ሽማግሌ ሲያወራ ማን ያያል ድርቤ? ሰው የሚፈልገው ጭፈራና ኬክ ነው" ይለኛል። ይኼን የሚለኝ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጦ ከሰው ቀድሞ አሜን የሚለው ሰው ነው። ደግሞ የሚያናድደው ማንም መጥቶ ጎደለብኝ ብሎት አያውቅም። ሰው የራሱን ሰርግ ከዳር እስከ ዳር የሚያየው አንዴ ነው፤ ከዚያ በኋላ ፍላሹ መኖሩ ብቻ ይበቃዋል። ተረፋም ይህን የጥራት ማስረጃ አድርጎ ያወራዋል።

እንዲህ ስስቅበት ስንቀው ስኖር ባለፈው ጥቅምት ኑሪያ የምትባል ሴት መጣች።

ኑሪያ የኡኬ ሰፋሪ ናት። ወላጆቿ በሰባ ሰባቱ ረሃብ ከወሎ መጥተው ወለጋ የሰፈሩ ናቸው፤ እሷ የተወለደችው እዚሁ ወለጋ ነው። ኦሮምኛውን ከእኔ እኩል ታወራለች፣ አማርኛዋ ግን የወሎ ነው። ወንበር ሳቀርብላት ጫፉ ላይ ተቀመጠች።

"እትዬ ድርቤ፣ ማመልከቻ ጻፊልኝ" አለች። "ባሌ ሃሩን ሞተ፣ አላህ ይዘንለት። አርባ ቀኑ ሳይወጣ ወንድምየው መሬቱን ልቀቂ አለኝ።"

"ሚስቱ አይደለሽም እንዴ?"

"ኒካህ የላትም፣ ኮብልላ የመጣች ናት ነው የሚለው።"

ነገሩ እንዲህ ነው። መሬቱ ሁለት ሄክታር ነው፤ ደብተሩ ላይ ያለው የሃሩን ስም ብቻ ነው። ልጅ አልወለዱም። ኒካሁ የታሰረው የዛሬ አሥራ አራት ዓመት በእሷ አባት ቤት ነበር፤ ኡኬ ላይ አይደለም፣ ራቅ ያለ ሌላ የሰፈራ መንደር ውስጥ። ያ መንደር ዛሬ የለም፤ ግጭት በነበረበት በመጥፎው ጊዜ ሰዉ ተበትኗል። አባቷ ሞተዋል። ኒካሁን ያሰሩት ሼህ ሞተዋል። ከሁለቱ ምስክሮች አንዱ ሞቷል፣ ሌላው ወሎ ተመልሶ የት እንደገባ አይታወቅም። ወረቀቱ ከአባቷ ቤት ጋር ተቃጥሏል። የኡኬ ሰው ያየው ሃሩን ሚስት ይዞ ሲገባ ብቻ ነው። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ ወንድምየው ኮበለለች ሲል ትናንት ቤቷ ገብቶ የበላው ሁሉ አብሮት "እኛም አላየንም" አለ።

"ምንም የለሽም?" አልኳት።

ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ አንዲት ዲቪዲ አወጣች። ላይዋ ላይ በእስክሪብቶ "ኑሪያና ሃሩን" ተብሎ ተጽፏል። "የሃሩን አክስት ልጅ ነው የቀረጸው፤ እሱም ሞቷል። ኒካሁ አለበት፤ ሼሁ፣ አባቴ፣ ምስክሮቹ፣ ሁሉም። ግን የሚያጫውት ዴክ ኡኬ ላይ ጠፋ። ሽማግሌዎቹ አምጪና እንየው ብለዋል" አለች።

ያኔ ደስ አለኝ። ማመልከቻ ምን ያደርግልሻል፣ ማስረጃሽ እጅሽ ላይ አለ አልኳት። ወደ ተረፋ የላክኋትም እኔ ነኝ። አፌ በተቆረጠ። ሥራ በዝቶብኝ ስለነበር ተነስቼ አብሬያት እንኳ አልገባሁም፤ በግድግዳው ላይ "አንተ ተረፋ፣ ሰርግ ነው፤ ለሽማግሌዎች የሚታይ ነው። ስልኳ ላይ ቶሎ አድርግላት፣ የኡኬ መኪና እንዳያመልጣት" ብዬ ጮህኩ። ያልኩት ይህን ብቻ ነው። ኒካህ አላልኩ፣ መሬት አላልኩ። እሱ ሚሞሪዋ ትንሽ መሆኗን አየ፣ ሽማግሌ ደግሞ ትዕግሥት የለውም ብሎ አሰበ፣ እንደ ልማዱ አደረገ። ከሰዓት በኋላ ስልኳን ይዛ መርቃን ሄደች።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ተመለሰች። ፊቷን ሳየው አንድ ነገር እንደሆነ አወቅሁ።

የኡኬ ሽማግሌዎች የተሰበሰቡት ዋለ የሚባል ሰው ሻይ ቤት ውስጥ ነበር፤ ትልቅ ቴሌቪዥን ያለው እዚያ ስለሆነ። ሚሞሪዋን ሰኩ። አርባ ሰው አየ። እልልታ አለ፣ በሬ ሲጣል አለ፣ መንዙማ አለ፣ ሙሽራው በኮፍያ ሲገባ አለ። ከዚያ ሰው ሁሉ እጁን ታጥቦ እየበላ ነው። ሼህ የለም። አባት የለም። ምስክር የለም። ወንድምየው ተነስቶ "አላልኳችሁም? ይህ የዕርቅ ድግስ ነው። ኮብልላ መጣች፣ ሽማግሌ አስታረቀ፣ በሬ ታረደ። ኒካህ ካለ ታዲያ የት አለ?" አለ። ኑሪያ "ነበረ፣ እዚህ ጋ ነበረ" ብትል ሰው አንገቱን ደፋ። ሽማግሌዎቹ ሌላ ማስረጃ ካለሽ ብለው የአሥራ አምስት ቀን ጊዜ ሰጧት፤ ከዚያ በኋላ መሬቱ ለወንድምየው ይወሰናል።

ተነሳሁና ወደ ተረፋ ገባሁ። ማስቲካ ያኝካል።

"የዚህችን ሴት ቪዲዮ ቆርጠሃል?"

"አሳምሬዋለሁ።"

"ኒካሁ የት አለ?"

"ከእኔ ዘንድ የሚጎድል ነገር የለም" አለ ማስቲካውን እያላመጠ። "መቁረጥ ሌላ፣ መጉደል ሌላ። ሰርጉ አለ፣ ሙሽራው አለ፣ ምግቡ አለ።"

"ዋናው ፋይልስ?"

"አጠፋሁት። ቦታ ይበላል።"

"ዲቪዲውስ? ዲቪዲዋን ስጣት።"

"አማቴ ዘንድ ናት" አለ። ኋላ ላይ እንዳወቅሁት፣ ደንበኞቹን "ከተገለበጠ በኋላ ገለባ ነው፣ እዚህ ጣሉት" እያለ ዲቪዲዎቹን ሁሉ ይሰበስባል። ሰብስቦ ወደ ሚስቱ እናት ይልካል። ሴትየዋ ከከተማው ወጣ ብሎ ማሽላ አላቸው፤ በገመድ እያንጠለጠሉ ወፍ ያባርሩበታል። የስንቱ ሰው ሰርግ ማሽላ ይጠብቃል ማለት ነው።

በባጃጅ ሄድን፣ ሦስታችንም። ማሳው ዳር ዳሩን በገመድ ተከቧል፤ ስልሳ የሚሆን ዲቪዲ በነፋስ ይሽከረከራል። አማትየው "ማሎ፣ እባካችሁ አትንኩብኝ፣ ወፉ ይጨርሰኛል" እያሉ ተከተሉን። ኑሪያ አንድ በአንድ እያገላበጠች አነበበች። የእኛን ሰፈር መምህር ሰርግ አየሁ፣ የአንድ መዘምራን ቡድን ምርቃት አየሁ። በአርባ ምናምነኛው ላይ እጇ ቆመ። ጽሑፉ በፀሐይ ደብዝዟል፣ ግን ስሟ ይነበባል። ደህና እንዲሽከረከር ተብሎ ዳሩ በጋለ ምስማር ተበስቷል። ቀዳዳው ዙሪያ ፕላስቲኩ ቀልጦ ተጨማዷል።

ወደ ሱቅ ተመልሰን ኮምፒውተሩ ውስጥ ከተትነው። አጓራ፣ አንገራገረ፣ ተፋው። ደግመን ከተትነው፣ ተፋው። በሦስተኛው ተረፋ ራሱ አወጣና በሸሚዙ ጠረገው። ይቅርታ ይላል ብዬ ጠበቅሁ። "የዲቪዲው ጥራት ድሮም መጥፎ ነበር" አለ። በሕይወቴ ሰውን በጥፊ ለመምታት እንደዚያ ቀን እጄን በልቶኝ አያውቅም።

ኑሪያ አላለቀሰችም። ደፍ ላይ ተቀምጣ "እንግዲህ አንተ አይተኸዋል። ና ኡኬና ይህን ብቻ ንገራቸው፤ ኒካህ ነበረው፣ እኔ ነኝ የቆረጥኩት በል። ሌላ አልጠይቅህም" አለችው።

"እኔ?" አለ። "ኡኬ ድረስ ሄጄ አጥፊ ነኝ ልበል? ስሜስ? ነገ አንድ ሰው ይመጣልኛል?"

"መሬቴን ልነጠቅ ነው፣ ወንድሜ።"

"አዝናለሁ። ከእኔ ዘንድ የሚጎድል ነገር የለም።"

እኔ ሄጄ ልመስክር እንዳልል፣ ዲቪዲውን በዓይኔ አላየሁትም። ሰው የነገረኝን ነው የማውቀው። በምድር ላይ የኑሪያን ኒካህ አይቶ ሊናገር የሚችል በእጃችን ያለ ሰው ተረፋ ብቻ ነው። ያቺ ሴት አሥራ አራት ዓመት ያረሰችው መሬት በዚህ ጉረኛ ምላስ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ለመንኩት። ፓስተራችን እንዲነግረው አደረግሁ፤ ለፓስተሩም "እጸልይበታለሁ" አለ። ተረፋ እጸልይበታለሁ ካለ ነገሩ አለቀለት ማለት ነው።

ቀኑ ሲቃረብ ነገሩን ሳወጣ ሳወርድ አንድ ነገር ገባኝ። ይህን ሰው እኮ አሥራ አንድ ዓመት አውቀዋለሁ። ጥፋቱን አይናገርም፤ ችሎታውን ግን ሳይጠየቅ ይናገራል። ከጥፋቱ በኩል እየመጣሁ በከንቱ ደክሜአለሁ፤ መምጣት ያለብኝ በጉራው በኩል ነው። ቢላ ላይ በርናባስ የሚባል አንድ ሰው አለ፤ የእሱው የልጅነት ጓደኛ ነው፣ እዚያ ያንኑ ሥራ ይሠራል። ሁለቱ ስማቸው ሲነሳ እንኳ አይዋደዱም። በዋዜማው ሱቁን ሊዘጋ ሲል ገባሁ።

"ሰማህ ወይ?" አልኩት። "በርናባስ ኡኬ ሄዶ ያንን ቪዲዮ አይቶታል አሉ።"

ማስቲካው ቆመ። "ምን አገባው?"

"እኔ ምን አውቄ። መገጣጠሚያው እንደ ጠባሳ ይታያል፣ ይህን የቆረጠው ጀማሪ ነው ብሎ በሰው ፊት ሳቀ አሉ። ነገም ሽማግሌዎቹ ሲሰበሰቡ ከፍቼ አሳያችኋለሁ ብሏቸዋል።"

ውሸት ነው። በርናባስ ኡኬን በዓይኑ አላየም። እኔም የቤተ ክርስቲያን ሰው ነኝ፤ ጌታን ይቅርታ ጠይቄአለሁ፣ ቢያስፈልግ ግን ነገም እደግመዋለሁ። ጠዋት መናኸሪያ ስደርስ ተረፋ ከእኔ ቀድሞ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጧል። ኮት ለብሷል።

ዋለ ሻይ ቤት ሰው ሞልቷል። ሽማግሌዎቹ አምስት ናቸው፤ ሰብሳቢያቸው ኦቦ ነገራ የሚባሉ ጡረታ የወጡ፣ የአገሬው ተወላጅ የሆኑ መምህር ናቸው። ከሰፋሪዎቹ ወገን አንድ ያረጁ ሐጂ ከወንድምየው አጠገብ ተቀምጠዋል፤ እሱ የመረጣቸው ናቸው። ኑሪያ ከሴቶቹ ጋር በር ላይ ናት። ተረፋ ሰላም እንኳ ሳይል "በርናባስ የት አለ?" አለኝ። ይመጣል አልኩት።

ኦቦ ነገራ "አካም ጅርታ" ብለው ሰላምታ ሰጡና "እንግዳው ማነው?" አሉ።

"ኢንጂነር ተረፋ ነኝ። ቪዲዮውን የሠራሁት እኔ ነኝ። መገጣጠሚያው ይታያል የሚል ሰው እዚህ አለ አሉ። እስቲ ይክፈቱትና ያሳየኝ።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። መገጣጠሚያ የሚባል ነገር በሕይወታቸው ሰምተው አያውቁም። ዋለ ቪዲዮውን ከፈተው። ተረፋ ሪሞቱን ከእጁ ተቀብሎ ቆመ። ሙሽራው በኮፍያ ገባ፣ እልልታ ቀለጠ፣ ሰው እጁን መታጠብ ጀመረ። እዚያ ጋ አስቆመው።

"ታየ?" አለ። "አልታየም። አሁን ያለፈው ላይ አርባ ደቂቃ ወጥቷል። ማን አወቀ? በርናባስ ቢሆን ስዕሉ ይዘል ነበር። እኔ ግን የእልልታውን ድምፅ ከመብሉ ጋር አያይዤ ነው የሰፋሁት።"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ኦቦ ነገራ ግን ብልህ ሰው ናቸው፣ አልጮኹም፤ ልክ የተማሪ ደብተር እንደሚያርሙ ሆነው "በጣም ጥሩ ሥራ ነው" አሉት። "አርባ ደቂቃ ሙሉ ምን ነበረበት ልጄ?"

"ምን ይኖርበታል ኦቦ ነገራ፣ የተቀመጡ ሰዎች። ስዕል የሌለው ነገር። ነጭ የጠመጠሙ ሼህ አሉ። ሙሽራውና አንድ ጢማቸውን ሂና የተቀቡ ሰው እጅ ለእጅ ተያይዘው ቁጭ ብለዋል። ሼሁ ያነባሉ፣ ሰው መዳፉን ይዘረጋል፣ እንደገና ያነባሉ። ከዚያ ወረቀት ዞረ። አንድ መነጽር ያደረገ ሰው ፈረመ፣ አንድ ጣቱ የጎደለ ሰው ፈረመ። ይህን ማን ያያል? አንድም ጭፈራ የለበትም።"

ወንድምየው ብድግ ብሎ "አስጠንተውት ነው። ያቺ ጸሐፊ ናት ያስጠናችው" አለ፣ በጣቱ እያሳየኝ።

"እኔን ነው አስጠንተውት የምትለው?" አለ ተረፋ፣ ፊቱ ቀልቶ። "በዓይኔ አይቼ በእጄ ነው የቆረጥኩት።"

ሐጂው ምርኩዛቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙና "ጣቱ የጎደለው ሰው፣ ቀኙ ነው ግራው?" አሉ።

"ቀኙ። ትንሿና ቀጥላ ያለችው የሉም። ወረቀቱን በዚያው እጁ ደግፎ በግራ አውራ ጣቱ ነው የፈረመው። ካሜራው ቀረብ ብሎ ስላሳየው አስጠልቶኝ ነበር፤ መጀመሪያ እሱን ነው የቆረጥኩት።"

"ሙሄ ነው" አሉ ሐጂው። ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። "ሙሄ መጋዝ። እንጨት ሲሰነጥቅ መጋዙ ነው ጣቶቹን የቆረጠው። ከሞተ ሰባት ዓመቱ ነው። ከነኑሪያ መንደር ወጥቶ አያውቅም፤ እኔ ነኝ እዚያ እየሄድኩ የማውቀው። ይህ የነቀምቴ ልጅ ሙሄን ከየት ያውቀዋል? ይህቺ ጸሐፊስ ከየት ታውቀዋለች? ቢያስጠኑትማ ስሙን ያስጠኑት ነበር። ሂና የሚቀቡት ደግሞ የዚህች ልጅ አባት ናቸው።" ከዚያ ወንድምየውን አዩት። "የመረጥከኝ አንተ ነህ። እኔ ግን አላህን ነው የምፈራው።"

ኦቦ ነገራ ተረፋን ማል አሉት። "እኔ አልምልም፣ ቃሌ አዎ ከሆነ አዎ ነው" አለ፣ ደረቱን ነፍቶ። ለአንድ ጊዜ እንኳ ፊተኛው ወንበር ላይ የሰማው ነገር ጠቀመ። ሽማግሌዎቹ ወጥተው ብዙ አልቆዩም። ተመልሰው ሲገቡ ኑሪያ የሃሩን ሚስት ናት፣ መሬቱም የእሷ ነው፣ ከእንግዲህ ኮብልላ የመጣች ያላት ሰው ሽማግሌ የናቀ ነው አሉ። ቃለ ጉባኤውን እዚያው የጻፍኩት እኔ ነኝ። ወንድምየውም ፈረመ፣ ሌላ ምን ያደርጋል።

ሴቶቹ እልል አሉ። ተረፋ እልልታው ለእሱ መስሎት ኮቱን አስተካከለ። ምን እንደተናገረ፣ በአርባ ሰው ፊት የሰው ኒካህ ቆርጦ መጣሉን በገዛ አፉ እንዳወጀ ገና አልገባውም። "በርናባስስ?" አለኝ ዘወር ብሎ። በርናባስ አይመጣም አልኩት። እንዴት ደስ እንዳለኝ አልደብቅም፤ በመንገድ ሁሉን ልነግረው፣ ፊቱ ሲለዋወጥ እያየሁ ነቀምቴ ልገባ ነበር ሐሳቤ።

ያኔ ኑሪያ ሰዉን አልፋ ወደ እሱ መጣች። ልታመሰግነው ነው ብዬ ተናደድኩ።

"ኢንጂነር" አለችው። አላሾፈችም። "ኒካሁ ሲታሰር እኔ ጓዳ ነበርኩ፤ ሙሽራ አትገባም። ዲቪዲውንም ያየሁት አንድ ጊዜ ነው፤ ሴቶች እየተንጫጩ ምንም አልሰማሁም። ዴኩ ተበላሸ፣ ሌላ ጊዜ አየዋለሁ እያልኩ ቀረ። ከእንግዲህ የለም። አንተ ነህ መጨረሻ ያየኸው። ሃሩን 'ተቀብያለሁ' ሲል ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር ይሉኛል። እውነት ነው? እንዴት አድርጎ ነው ያለው?"

ተረፋ ሪሞቱን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። አንድ ነገር ፈጥሮ ቢነግራት ምን ነበረበት? ውሸት የሚያውቅ ሰው እኮ ነው። ግን ዓይኗን አየና አልቻለም።

"አልሰማሁትም" አለ። "እዚያ ክፍል ላይ ድምፁን ዘግቼው ነበር። በሬዲዮ ኳስ ይተላለፍ ነበርና እሱን እየሰማሁ ነው የቆረጥኩት።"

ኑሪያ እሺ አለች። ከዚያ እዚያው፣ ወንበር ሳትፈልግ፣ ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አለችና ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ ማልቀስ ጀመረች። ሴቶቹ ከበቧት። "አብሽሪ፣ መሬቱ ያንቺ ሆኗል፣ አልሐምዱሊላህ በይ" እያሉ ጀርባዋን መታ መታ አደረጓት፤ ወንዶቹም ከደስታዋ ብዛት ነው አሉ። እንዳልሆነ የምናውቀው እኔና ተረፋ ብቻ ነበርን። እስከ ነቀምቴ ድረስ በሚኒባሱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን፤ ልነግረው ያሰብኩትን የበርናባስን ነገር አላነሳሁበትም።